ሴሊካ ስትገዙ የምትሸወዱባቸው የጉልበት ነገሮች

ከ2000 እስከ 2005 ሞዴል አሜሪካ የተሸጠችው የቶዮታ ሴሊካ ሁለት ዓይነት ናት፤ ጂቲ 140 ፈረስ ጉልበት፣ ጂቲ-ኤስ 180። ሁለቱም ባለ 1.8 ሊትር፣ ሁለቱም መልካቸው አንድ። ጣጣውም እሱ ነው።

ኋላዋ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማመን። ሰለቸኝ! በቀደም አንዱ ልጅ አዲስ የገዛትን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጂቲ-ኤስ ናት፣ ግን ጉልበት የላትም።» ማርሽ ስንት አላት አልኩት። አምስት። አሜሪካ የመጣችው ጂቲ-ኤስ ማንዋል ስድስት ማርሽ ነው ያላት! ኮፈኑን ስከፍተው ያው የጂቲዋ ዋን-ዜድ-ዜድ ሞተር ቁጭ ብሏል። «ኤስ»ዋን በጥፍሬ ነካ ሳደርጋት ተላቀቀች። ልጁ ለዚያች ፕላስቲክ ተጨማሪ 2,000 ዶላር ከፍሏል። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሽ መቁጠር አይጠቅምም፣ ሁለቱም አራት ናቸው፤ ሞተሩ ላይ ቱ-ዜድ-ዜድ የሚለውን ፈልጉ።

ጃፓን የተሸጠችውን ባለ 190 ከአሜሪካዋ 180 ጋር ማወዳደር። የጃፓን ፈረስ ትንሽ አነስ ይላል፤ 190ው በአሜሪካ አቆጣጠር 187 ግድም ነው።

ዳይኖ (ጎማ ላይ የሚደርሰውን ጉልበት የሚለካው ማሽን) ላይ 180 መጠበቅ። 180 የሞተሩ ነው። ካምቢዮው የራሱን ወስዶ ነው ለጎማ የሚያደርሰው።

ታች ላይ ጉልበት መፈለግ። እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። 180ው የሚገኘው 7,600 ዙር ላይ ነው። ከ6,000 በታች ጂቲ-ኤስ ከታናሿ ብዙም አትለይም፤ ከዚያ በላይ ነው ቫልቮቹን ከፍ አድርጎ የሚከፍተው ሁለተኛው ካም የሚገባው፤ ይሄ ነው ሊፍት የሚባለው። የኔዋን እስከ ቀይ መስመር ብስባት ምንም የለም። «ሞዴሉ እንዲህ ነው» ብዬ ዘጠኝ ወር ነዳኋት። በኋላ የቫልቭ ክዳኑን ስከፍት የሊፍት ብሎኑ ራስ ተቆርጦ ዘይት ውስጥ ተኝቷል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞዴሎች የታወቀ በሽታ ነው፤ ብሎኑ ሲቆረጥ ሁለተኛውን ካም የሚያስገባው የዘይት ግፊት ይጠፋል። ሁለቱንም ብሎኖች በአዲሶቹ ቀየርኳቸውና አውራ ጎዳና ላይ በሁለተኛ ማርሽ ረገጥኩት። 6,000ን ሲያልፍ የጮኸችው ጩኸት! ሚስቴ በሩን ጨብጣ «ምን ሆነች?» አለች።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ስትሞክሯት ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ሊፍቱ አይገባም። ዘይቱንም ለኩ፤ ጎድሎ ከሆነም እንደዚያው ነው።

ቤንዚኑን ደግሞ ፕሪሚየም አድርጉት፤ የጂቲ-ኤስ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየርና ነዳጁን የሚጨምቅበት መጠን) 11.5 ነው።