ኮንስታብል ከአንድ የፖሊስ ዘርፍ ወደ ሌላው ለመዛወር ምን ማድረግ አለበት?

ከውጭ ለሚያይ ሰው ፖሊስ ሁሉ ፖሊስ ነው። ውስጥ ያለው ኮንስታብል ግን የትራፊክና የምርመራ፣ የአድማ ብተናና የጣቢያ ሥራ ምን ያህል እንደሚራራቅ ያውቀዋል። ደንቡ ከአገር አገር ቢለያይም የዝውውሩ መንገድ በጣም ይመሳሰላል።

መጀመሪያ የሚፈልጉትን ይለዩ። በዚያው ዘርፍ ውስጥ ከጣቢያ ጣቢያ መቀየር አንድ ነገር ነው። በትውስት ለተወሰነ ጊዜ መሄድ ሌላ ነው፤ መደብዎ እዚያው ይቆይዎታል። ዘርፍ ጨርሶ መቀየር ግን ከሁለቱም ይከብዳል። ብዙ ሰው ሦስቱን ያደባልቅና ማመልከቻው ገና ከመዝገብ ቤት ይመለስበታል።

ቀጥሎ ደንቡን ራሱን ያንብቡ። የባልደረባ ወሬ አይበቃም። ለምሳሌ በሕንድ ሕገ መንግሥት ፖሊስ የክልሎች ሥልጣን ነው። ስለዚህ በአንዱ ክልል ከታጠቀው ሻለቃ ወደ ጣቢያ ፖሊስ የሚያሻግረው ደንብ በጎረቤት ክልል ላይሠራ ይችላል።

ከዚያ ብቁ መሆንዎን ያጣሩ። የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰዋል? በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ጊዜ በተለምዶ 2 ዓመት ነው። ያልተቋጨ የዲሲፕሊን ክስ ካለብዎት መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ። ልዩ ዘርፍ ከሆነ የአካል ብቃት ፈተናና ተጨማሪ ሥልጠናም ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ፤ የቀደምትነት ተራ፣ ማለትም ለእድገት ማን ከማን እንደሚቀድም የሚወስነው ቅደም ተከተል። ሰው ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ቦታ ሲጨነቅ ይችን ይረሳታል። በብዙ ቦታ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ የቀደምትነት ዝርዝር አለው። መሥሪያ ቤቱ ለሥራው ብሎ ካዛወረዎ ተራዎ አብሮዎት የሚሄድበት ዕድል ሰፊ ነው። በራስዎ ጥያቄ ከሄዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ ዝርዝር ግርጌ ይገባሉ። አሥር ዓመት ያገለገለ ኮንስታብል ትናንት ከተቀጠረው በታች ተሰልፎ እድገት ይጠብቃል ማለት ነው። ያ ማለት ያለፈው ዘመን ውሃ በላው ማለት አይደለም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በራሱ ጥያቄ የተዛወረ ሠራተኛ ተራውን ቢያጣም፣ የቀድሞ አገልግሎቱ ለእድገት ብቁ ለመሆን እንደሚቆጠርለት ወስኗል። ተራ ሌላ፣ አገልግሎት ሌላ። «ቀደምትነቴን ትቻለሁ» የሚል ቅጽ ከቀረበልዎ፣ በእኔ ግምት አንድ ሌሊት ሳያድሩበት አይፈርሙ።

ይህን ካሰቡበት በኋላ ማመልከቻውን ይጻፉ። አጭር ይሁን። ያሉበትን ዘርፍ፣ የቅጥር ቀንዎን፣ የሚፈልጉትን ክፍልና ምክንያቱን ይግለጹ። «በግል ችግር ምክንያት» የሚለው ምንም አይናገርም። ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ፣ የትዳር ጓደኛ ሥራ ከሆነ የመሥሪያ ቤቷን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ያያይዙ። በቅርብ አለቃዎ በኩል ይላኩትና ገቢ የሆነበትን ቁጥር ይያዙ።

ዘመድ ፍለጋ አይሂዱ። ትልቅ ሰው ማስደወል አቋራጭ ይመስላል፤ መዘዝ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ በአገልግሎት ጉዳይ የፖለቲካ ወይም ሌላ የውጭ ተጽዕኖ ማስመጣትን ይከለክላል። ፖለቲከኞች በፖሊስ ዝውውር ውስጥ እጃቸውን ማስገባታቸው እዚያ አገር የቆየ ሮሮ ነበር። ለዚህም ነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በእያንዳንዱ ክልል የፖሊስ ኃላፊውና አራት ከፍተኛ መኮንኖች ያሉበት ቦርድ እንዲቋቋም ያዘዘው። በትእዛዙ መሠረት ከምክትል ሱፐርኢንቴንደንት ማዕረግ ጀምሮ ወደ ታች ያሉትን የሚመድበውና የሚያዛውረው ይህ ቦርድ ነው። የክልሉ መንግሥት ጣልቃ የሚገባው በልዩ ሁኔታ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ ብቻ ነው።

ጥያቄው ከተፈቀደ ደብዳቤው በእጅዎ ሳይገባ ቦታዎን አይልቀቁ። መሣሪያ፣ ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) እና የተጀመሩ መዝገቦችን በፊርማ ያስረክቡ። ያላስረከቡት ኤግዚቢት ከዓመታት በኋላም ስምዎን ያስጠራል። መሸኛዎን ይያዙ፤ የግል ማኅደርዎና የደመወዝ መረጃዎ መተላለፉንም ይጠይቁ።

አዲሱ ክፍል የቀደምትነት ዝርዝር ሲያወጣ ስምዎ የት እንዳለ ቶሎ ይዩ። ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን አጭር ነው።