ከመወለድ በፊትና በኋላ፦ ስለ አድሬናል ኮርቴክስ ዕድገት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከእያንዳንዱ ኩላሊት በላይ የሚገኘው አድሬናል ዕጢ የውጨኛ ክፍሉ፣ ማለትም ኮርቴክሱ፣ እንደ ብዙዎቹ የሰውነት ክፍሎች ከትንሽ ተነሥቶ በዝግታ እያደገ የሚሄድ አይደለም፤ በማህፀን ውስጥ ለእርግዝናው የሚያገለግል ሰፊ ክፍል ይገነባና ልጁ ሲወለድ ያንኑ ያፈርሳል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

ኮርቴክሱንና በውስጡ ያለውን ሜዱላ የአንድ ምንጭ ውጤት አድርጎ ማየት የተለመደ ስህተት ነው። ኮርቴክሱ በ4ኛው ሳምንት ገደማ የመራቢያ ዕጢዎች ከሚነሡበት ሜሶደርም (የፅንሱ መካከለኛ የሕዋስ ንብርብር) ሲጀምር፣ የሜዱላው ሕዋሳት ግን ከነርቭ ጉብታ፣ ማለትም የነርቭ ሕዋሳትም ከሚነሡበት የፅንስ ክፍል፣ ፈልሰው የሚመጡ ናቸው። ዕጢው ከኩላሊትም አይወጣም፤ ኩላሊት ሳይፈጠርለት የሚወለድ ሕፃን አድሬናሉ ይኖረዋል፣ ቅርጹ ግን ጠፍጠፍ ይላል።

የአራስ ልጅን አድሬናል የአዋቂው ትንሽ ቅጂ አድርጎ መገመትም ያሳስታል። በመወለጃው ጊዜ ሁለቱ ዕጢዎች በድምሩ ከ8 እስከ 9 ግራም ያህል ስለሚመዝኑ ከአዋቂው ብዙም አያንሱም፤ በአልትራሳውንድም የኩላሊቱን ሲሶ የሚያህል፣ ወፍራምና ጠቆር ያለ ኮርቴክስ ቀጭንና ደማቅ ሜዱላን ከቦ ይታያል። ያን ውፍረት የሚሰጠው ከኮርቴክሱ 80 በመቶ ገደማ የሚሸፍነው የፅንስ ቀጠና ነው።

ይህን ቀጠና ጥቅም የለሽ ትርፍ ብሎ ማለፍ ከሁሉ የከፋ ስህተት ይመስለኛል። ቀጠናው ወደ ኮርቲሶል (ሰውነት ውጥረትን እንዲቋቋም የሚረዳው ሆርሞን) የሚያደርሰው ኢንዛይም በጣም አነስተኛ ስለሆነበት ዲኤችኢኤኤስ የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ ይህንን የፅንሱ ጉበት ካሻሻለው በኋላ የእንግዴ ልጁ ኤስትሪዮል ወደተባለው የኤስትሮጅን ዓይነት ይለውጠዋል። ለዚህም ነው አንጎሉ ሳይፈጠር በቀረ ፅንስ ላይ በአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚመጣው ማነቃቂያ ስለሚጎድል ቀጠናው ቀጭጮ የሚቀረውና በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው ኤስትሪዮል የሚያንሰው።

ከዚህ ተነሥቶ «ፅንስ ኮርቲሶል አያመርትም» ብሎ መደምደም ግን ሌላ ስህተት ነው። በ8ኛውና በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ኮርቴክሱ ለአጭር ጊዜ ኮርቲሶል ያመርታል፣ ከዚያ ይቀንሳል፣ ወደ እርግዝናው መጨረሻም እንደገና ይጨምራል። ኮርቲሶል ለማምረት በሚያስፈልገው ኢንዛይም፣ በ21 ሃይድሮክሲሌዝ፣ ጉድለት የተያዘች ሴት ፅንስ ውጫዊ ብልቷ የወንድ መልክ መያዝ የሚጀምረው በዚሁ የመጀመሪያ ወቅት አካባቢ ነው፤ ኮርቲሶል ሲጎድል የፒቱታሪው ማነቃቂያ ይበረታና አንድሮጅን (የወንድነት ሆርሞን) ይበዛል።

ከተወለደ በኋላ ዕጢው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግማሽ ያህል ክብደቱን ሲያጣ ሕመም ነው ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም፤ የፅንስ ቀጠናው ሕዋሳት በተፈጥሯዊ ሞት እየከሰሙ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው የሕፃኑ ሁኔታ ነው፦ ማስመለስ፣ ክብደት መቀነስ፣ የሶዲየም ማነስና የፖታሲየም መብዛት አስቸኳይ ሕክምና ይሻሉ።

ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ደግሞ በ21 ሃይድሮክሲሌዝ ጉድለት ጊዜ በደም ውስጥ የሚከማቸው የ17 ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ውጤት ከፍ ማለቱን ብቻ ይዞ ይህ በሽታ አለ ማለት ችኮላ ነው፤ የፅንስ ቀጠናው የሚያመነጫቸው ተመሳሳይ ሆርሞኖች (ስቴሮይዶች) አንዳንዱን መመርመሪያ ስለሚያሳስቱ ማረጋገጫ ምርመራ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ኮርቴክሱ በሕፃንነት ተሟልቶ ያበቃል ማለት አይቻልም። የውስጠኛው ንብርብር፣ ዞና ሬቲኩላሪስ፣ መታየት የሚጀምረው ከ3 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ዓመት አካባቢም ዲኤችኢኤኤስ እንደገና ከፍ ይላል፣ የብብት ጠረንም ሊከተል ይችላል። ይህ የመራቢያ ዕጢዎች ከሚያነሣሱት ጉርምስና የተለየ ሂደት ስለሆነ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም።