ከጓደኛ አካውንት የሚመጣ ማጭበርበሪያ፦ መለያውና መፍትሔው

«የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፤ እዚህ ገብተህ ድምፅ ስጣት።» መልእክቱ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይመጣል፤ ፎቶውም ስሙም የጓደኛዎ ነው። ሊንኩን ሲነኩት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «የደረሰዎትን ኮድ ያስገቡ» ይላል። ኮዱ ከድምፅ መስጠት ጋር አይገናኝም፤ አንድ ሰው አካውንትዎን በሌላ ስልክ ሊከፍት ሲሞክር የተላከ ነው። ካስገቡት ያው መልእክት በእርስዎ ስም ለዘመድ ወዳጅ ይበተናል።

ስለዚህ ማን ላከው ከማለት ይልቅ ምን ጠየቀኝ ይበሉ። ኮድ፣ ፓስወርድ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ «ቶሎ በል፣ ለማንም አትንገር»፦ አንዱ ካለ ለአካውንቱ ባለቤት በመደበኛ የስልክ ጥሪ ይደውሉ። በዚያው ቻት «አንተ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ የሚመልሰው አጭበርባሪው ነው። የፊደል ግድፈት መፈለግም ዛሬ ብዙ አያዋጣም፤ አጥርተው ይጽፋሉ።

ሊንክ ሲያዩ ከሁለቱ ስላሾች (//) ቀጥሎ እስከ መጀመሪያው ነጠላ ስላሽ (/) ያለውን ያንብቡ። የገጹን ባለቤት የሚነግርዎ የዚህ ክፍል መጨረሻ ነው፤ ከፊት «ቴሌግራም» ተብሎ መጨረሻው ሌላ ስም ከሆነ ገጹ የቴሌግራም አይደለም።

ኮዱን ሰጥተዋል? ቴሌግራም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው ከእርስዎ ስልክ በስተቀር ሁሉንም ያስወጡ። አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሩን ማስወጣት አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሊቀድምዎ ይችላል። ወዲያው የሁለት ደረጃ ፓስወርድ (ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ) ያስገቡ። ዋትስአፕ ካስወጣዎ በቁጥርዎ እንደገና ይመዝገቡ፤ በኤስኤምኤስ የመጣውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ሲያስገቡ ሌላው ይወጣል። የማያውቁት ፒን ከጠየቀ ያስገባው አጭበርባሪው ነው፤ 7 ቀን መጠበቅ ግድ ይላል፣ እሱ ግን ውጭ ሆኖ ነው የሚጠብቁት።

ገንዘብ ልከው ከሆነ መጀመሪያ ባንክዎ ጋር ይደውሉ፣ ከዚያ ፖሊስ። የባንኩን ስልክ ቁጥር ከባንክ ካርድዎ ጀርባ ያንብቡ እንጂ ከመልእክቱ አይውሰዱ። ብሎክ ከማድረግዎ በፊት ስክሪንሾት ያንሱ፤ ቴሌግራም ላይ ላኪው ቻቱን ከእርስዎም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ «የጠፋውን ገንዘብ አስመልሳለሁ፣ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ላኩ» የሚል ከመጣ ደግሞ እሱም ሪፖርት ተደርጎ ብሎክ ይደረጋል፤ ያው ማጭበርበር ሁለተኛ ዙር ነው።