ማስተካከያው ወጥቷል፣ ፋብሪካው ጋ ግን አልደረሰም፦ እርስ በርስ የተሳሰሩ ፓኬጆች ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለፋብሪካ፣ ለመጋዘንና ለትምህርት ቤት ሶፍትዌር ለሚሠሩ ነው። ጊትን (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያውን) እና ኤንፒኤምን (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆችን የሚጭነውንና የሚለቀውን) ታውቃላችሁ፣ የቢልድ (ኮዱ ወደ ፕሮግራም የሚገጣጠምበት ሂደት) ሎግም እስከ መጨረሻው መስመር ታነባላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። ምሳሌዬ ሁሉ አንድ ሰንሰለት ላይ ነው። ከታች የግብር ሰንጠረዥና የቀን መቀየሪያ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ፓኬጆች፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም የሚጠራቸው የኮድ ጥቅሎች፣ አሉ። እነሱ ላይ የደመወዝ ስሌትና የሪፖርት ማውጫ ቆመዋል። ከሁሉ በላይ ሒሳብ ክፍሉ የሚከፍተው የደመወዝ ፕሮግራም አለ።

ምልክት፦ ስህተቱ ታርሟል፣ ቢልዱ አረንጓዴ ነው፣ ደንበኛው ጋ ግን ስህተቱ አሁንም አለ

ከሌሎቹ ሁሉ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ እቆያለሁ።

የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ድርጅት የሚጠቀምበትን ፕሮግራም የሠራው ቡድን የግብር ሰንጠረዡን በጊዜ አስተካክሎ አዲስ ቨርዥን ለቀቀ። ፈተናው አለፈ፣ ፓይፕላይኑም (ኮዱን በራሱ የሚገጣጥመውና የሚፈትነው ሰንሰለት) ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። ደመወዝ ሲከፈል ግን 2,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ ወረቀት ላይ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ተቆርጦ ወጣ። ይህ በድሮው ሰንጠረዥ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ በአዲሱ አምስት ሳንቲም አይቆረጥም። የሚገርመው፣ ያው ፕሮግራም ያወጣው የወሩ ማጠቃለያ ሪፖርት የዚያችኑ ሠራተኛ ግብር ዜሮ ይላል። «ጋሼ፣ አዋጁ ወጥቷል ተብሎ የለም እንዴ?» ስትለው ገንዘብ ያዡ የሚመልሰው አልነበረውም። በዚያ ደመወዝ ለምትኖር ሰው 157 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህን ችግር እንደ ተራ የቨርዥን ጉዳይ የሚያይ ሰው ስለ ምን እንደሚሠራ አልገባውም።

አንዱ ወረቀት ድሮውን፣ ሌላው አዲሱን ሲናገር ኮዱን ማንበብ አትጀምሩ። የላይኛው ፕሮጀክት ውስጥ ገብታችሁ «ኤንፒኤም ኤልኤስ» ብላችሁ ከኋላው የተጠረጠረውን ፓኬጅ ስም ጻፉ። እዚያ ድርጅት የወጣው ዛፍ ሁለት ቅርንጫፍ ነበረው፦ በሪፖርት ማውጫው ሥር የግብር ሰንጠረዥ 0.5.0፣ በደመወዝ ስሌቱ ሥር የግብር ሰንጠረዥ 0.4.2። አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት ሰንጠረዥ። ኤንፒኤም ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ጥያቄዎቹ ካልተስማሙ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የየራሱን ቅጂ አስቀምጦ ዝም ይላል።

መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያውና ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የካሬት ምልክቷ (^፣ «ይህን ወይም ከዚህ ጋር የሚስማማ አዲስ ቨርዥን ተቀበል» የምትለው) ከዜሮ በሚጀምር ቨርዥን ላይ የምታሳየው ጠባይ ነው። ^1.4.2 ብላችሁ ስትጽፉ 1.5.0ን ይቀበላል። ^0.4.2 ስትሉ ግን 0.4.9ን እንጂ 0.5.0ን አይቀበልም፤ ከ1.0.0 በታች ላለ ፓኬጅ መካከለኛው ቁጥር ሲቀየር እንደ ትልቅ ለውጥ ይቆጠራል። ከላይ ያለው ታሪክ መንስኤ ይህ ነበር። ደንበኛ ደመወዝ እየከፈለበት ያለን ፓኬጅ ለዓመታት 0 ላይ ማቆየት ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም። 1.0.0 በሉትና ቁጥሩ ትርጉም ይኑረው።

ሁለተኛው፣ መካከል ላይ ያለው ፓኬጅ ያለ ምንም ምልክት «0.4.2 ብቻ» ብሎ መቆለፉ ነው። አንድ ቀን አንድ ነገር ስለተበላሸ ለጊዜው ተብሎ የተቆለፈ ነው፤ የቆለፈው ልጅ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ቁልፉ ግን እዚያው ነው።

ሦስተኛው ሎክ ፋይሉ፣ ማለትም የተጫነው እያንዳንዱ ፓኬጅ ቨርዥን ተቆርጦ የሚጻፍበት ፋይል ነው። ሎክ ፋይሉ ውስጥ ያለው ቨርዥን የተጠየቀውን እስካሟላ ድረስ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» አዲሱን ፍለጋ አይወጣም። አዲሱን ከፈለጋችሁ የፓኬጁን ስም ጠርታችሁ «ኤንፒኤም አፕዴት» በሉ፣ የተቀየረውን ሎክ ፋይልም ኮሚት አድርጉ (ጊት ላይ መዝግቡ)። ሎክ ፋይሉን ከጊት ውጭ የሚያደርጉ ቡድኖች አሉ፤ እባካችሁ ተዉ። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ «ኤንፒኤም ሲአይ» ብቻ ተጠቀሙ፤ እሱ ሎክ ፋይሉን ሳይነካ ይጭናል፣ ከፓኬጁ ዝርዝር (ከፓኬጅ ጄሰን ፋይሉ) ጋር ካልተስማማም ይቆማል። መቆሙ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመካከለኛው ፓኬጅ ሎክ ፋይል ከፓኬጁ ጋር አብሮ አይለቀቅም። የደመወዝ ስሌቱ በራሱ ሪፖ (የኮድ ማኖሪያ) ውስጥ ሲፈተን በሎክ ፋይሉ የተጻፈውን ይጠቀማል፤ የላይኛው ፕሮግራም ሲጭነው ግን ሌላ ስብስብ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የመካከለኛው ፈተና ማለፉ ስለ ላይኛው ምንም አይነግራችሁም።

መፍትሄው ከታች ወደ ላይ ነው። የግብር ሰንጠረዡን ልቀቁ። ከዚያ እሱን በቀጥታ የሚጠሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ከፍታችሁ አዲሱን ቨርዥን እንዲጠይቁ አድርጉ፣ ፈትኑ፣ ልቀቁ። ከዚያ ከእነሱ በላይ ያሉትን። የላይኛው ፕሮግራም መጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉን በጭንቅላት መያዝ አምስት ፓኬጅ ላይ ይቻላል፣ አሥራ አምስት ላይ አይቻልም። ፓይፕላይኑ ራሱ ዝርዝሮቹን አንብቦ ተራውን እንዲያወጣ፣ የታችኛው ሲለቀቅም የላይኞቹን ቢልድ እንዲቀሰቅስ አድርጉት። ሁሉም የአንድ ቡድን ከሆኑ ወደ አንድ ሪፖ አስገብታችሁ ብዙ ፓኬጆችን በአንድ ሪፖ አያይዞ የሚይዘውን የኤንፒኤምን ወርክስፔስ ተጠቀሙ፤ ግማሹ ጭንቀት ያኔ ይቀራል።

እንደ ግብር ሰንጠረዥ ያለ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ሆኖ መገኘት የሌለበት ፓኬጅ ደግሞ በመካከለኞቹ ውስጥ እንደ ተራ ዲፔንደንሲ (ፓኬጁ ለራሱ እንዲጫንለት የሚጠይቀው) አይጻፍ። «ፒር ዲፔንደንሲ» አድርጉትና የሚጭነው የላይኛው ፕሮግራም ይሁን። ያኔ አለመስማማት ካለ ኤንፒኤም ከቨርዥን 7 ጀምሮ ሲጭን ይጮኻል፣ ደመወዝ እስኪከፈል አይጠበቅም። ሲጮህ ግን «ፎርስ» ወይም «ሌጋሲ ፒር ዴፕስ» የሚሉትን ትእዛዞች ጨምራችሁ አፉን አትዝጉት። አትዝጉት። ይህን ትእዛዝ የቢልድ ስክሪፕት ውስጥ ለዘለዓለም ጽፈው የተዉ ፕሮጀክቶች ብዙ አይቻለሁ፤ ሁሉም ውስጥ ሁለት ቅጂ አግኝቻለሁ።

የመጨረሻው ጥበቃ ፓይፕላይኑ ውስጥ አንድ ደረጃ መጨመር ነው፦ የላይኛው ፕሮግራም ከተጫነ በኋላ ዛፉን ቆጥሮ፣ የግብር ሰንጠረዡ ከአንድ ቨርዥን በላይ ከተገኘ ቢልዱን ያቁም። ጥቂት መስመር ስክሪፕት ይበቃዋል።

ነገ ደመወዝ ከሆነና መካከለኛውን ለመልቀቅ ጊዜ ከሌለ፣ የላይኛው ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ «ኦቨርራይድስ» በሚለው ክፍል አዲሱን ቨርዥን በግድ ማስገባት ይቻላል። ደመወዙ እንዳለፈ ግን አንሱት። ካልተነሳ የሚቀጥለውን አዋጅም እሱ ነው የሚያግደው።

ምልክት፦ ሪሊዙ (መልቀቁ) መሃል ላይ ተቋርጦ ግማሹ ወጥቷል

መብራት ጠፋ፣ ወይም ኔትወርክ። ከአምስቱ ሦስቱ ሬጂስትሪው (ፓኬጆች የሚወጡበትና የሚወርዱበት ማከማቻ) ላይ ናቸው፣ ሁለቱ የሉም። የመጀመሪያው ስሜት የወጡትን ሰርዞ እንደገና መጀመር ነው፤ አይሠራም። ኤንፒኤም ላይ አንዴ የወጣ የስምና የቨርዥን ጥምር ቢሰረዝም ዳግም አይወጣም። የመልቀቂያ ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ከመልቀቁ በፊት «ይህ ቨርዥን አለ ወይ?» ብሎ ሬጂስትሪውን ይጠይቅ፣ ካለ ይለፈው። ያኔ ደጋግማችሁ ብታስነሱትም ካቆመበት ይቀጥላል።

ከዚህ የሚሻለው ሁሉንም «ኔክስት» በሚል ታግ (መለያ) ለቃችሁ፣ አምስቱም መውጣታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቨርዥን ሳይጠቅስ የሚጭን ሰው የሚያገኘውን «ላተስት» የሚለውን ታግ ማዞር ነው። ዝም ብሎ የለቀቀ ሰው ሳያውቀው «ላተስት» ላይ ነው የሚለቀው። አንድ ነገር ደግሞ፦ ዩፒኤሱ ላይ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ራውተሩንም ሰኩ። የሚሸጠው ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪው ቶሎ ስለሚደክም በየጊዜው ሶኬቱን ነቅላችሁ ፈትኑት።

ምልክት፦ ቢልዱ ፓኬጅ ሲያወርድ ጊዜው አልፎበት ይሞታል

ሁልጊዜ ከውጭ አታውርዱ። ቬርዳቺዮን የመሰለ ሬጂስትሪ ቢሮ ውስጥ አቁሙ፤ አንዴ ያወረደውን ያስቀምጣል፣ የውጭው ቢቋረጥም ያንኑ ይሰጣል። የእናንተን የግል ፓኬጆችም እዚያው ማኖር ትችላላችሁ። በፈረንጆቹ 2016 «ሌፍት ፓድ» የተባለች 11 መስመር ኮድ ያላት ፓኬጅ ከሬጂስትሪው ስትነሳ በየአገሩ ቢልድ ቆሟል፤ የራሱ ቅጂ የነበረው ሥራው አልተቋረጠም። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ፋብሪካ ሰርቨር ላይ ለሚጭን ሰው ደግሞ ምክሬ፣ እዚያ ደርሳችሁ አትጫኑ፤ ቢሮ ተጭኖ የታሸገውን ይዛችሁ ውረዱ።

ባጭሩ የሚታለፉ

ሁለት ፓኬጆች እርስ በርስ ከተጠራሩ ቅደም ተከተል አይወጣም፤ የሚጋሩትን አውጥታችሁ ሦስተኛ ፓኬጅ አድርጉት።

ዊንዶውስ ላይ ሠርቶ ሰርቨር ላይ «ፋይሉ የለም» ካለ የፋይሉን ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል እዩ።

ቨርዥንን በቀን የምትሰይሙ ከሆነ 2018.01.05 ተቀባይነት የለውም፣ ከቁጥር ፊት ዜሮ አይገባም። አንዱ በእኛ 2018፣ ሌላው በፈረንጅ 2025 ብሎ ከሰየመ ደግሞ የፈረንጁ ምንጊዜም አዲስ መስሎ ይታያል።

የቀን መቀየሪያው ፈተና ሌሊት ሲሠራ የሚወድቅ፣ ቀን ሲሠራ የሚያልፍ ከሆነ ራነሩ (ፈተናውን የሚያስኬደው ማሽን) በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት ላይ ነው። እኛ 3 ሰዓት ስለምንቀድም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ እሱ ገና ትናንት ላይ ነው። ፈተናው የዛሬን ቀን ከሲስተሙ አይጠይቅ፤ የተወሰነ ቀን ስጡት፣ ከነዚያም መካከል ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና በማግስቱ የዋለው መስከረም 1 ቀን 2016፣ ማለትም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ይኑሩበት።