የፈንገስ ክሬም ተቀብተው ካልዳኑ፦ ችግሩና መፍትሄው

ጭርት ላይ ለወር ያህል ተቀብቶ «አልሠራም» የተባለ ክሬም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራሱ አይደለም። ወይ ቶሎ ተትቷል፣ ወይ ከስቴሮይድ (ማሳከክንና ቅላትን የሚያበርድ፣ ፈንገስን ግን የማይገድል መድኃኒት) ጋር የተቀላቀለ ነበር፣ ወይም በሽታው ከመጀመሪያውም ፈንገስ አልነበረም። ሌላ ክሬም ከመግዛትዎ በፊት ከታች ካሉት ምልክቶች የእርስዎን ይፈልጉ።

በሳምንት ጠፍቶ ተመልሶ መጣ

ማሳከኩና ቅላቱ ቀድመው ይጠፋሉ፤ ፈንገሱ ግን በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ይቆያል። ክሎትሪማዞል 1% ከሆነ በቀን 2 ጊዜ፣ እንደ ሁኔታው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀቡ፤ ቆዳው ከጠራ በኋላም ቢያንስ 1 ሳምንት ይቀጥሉ። ተርቢናፊን 1% አጭር ነው፤ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል።

አቀባቡም ይወስናል። ቦታውን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ በተለይ የእግር ጣቶች መካከል እርጥበት ከቀረ ድካሙ ከንቱ ነው። ጭርት የሚሰፋው ከዳር ስለሆነ ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፈው ጤናማውን ቆዳም ይቀቡ። መጠኑን በጣት ይለኩ፦ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተዘረጋ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የሁለት መዳፍ ስፋት ይሸፍናል። አንድ መዳፍ ለሚያህል ቁስል ባለ 20 ግራም ቱቦ ከወር በላይ ይቆያል። በሳምንት ካለቀብዎ አወፍረው እየቀቡ ነው፤ ማወፈር ደግሞ አያፈጥንም።

ሌላው መንስኤ ዳግም መያዝ ነው። ፎጣና ማበጠሪያ አይጋሩ፤ ካልሲና የውስጥ ልብስ በየቀኑ ይቀይሩ፤ ጫማውን በተከታታይ ሁለት ቀን አያድርጉ። እግርዎ ላይ ፈንገስ ካለ ካልሲውን ከውስጥ ሱሪው በፊት ያጥልቁ፤ አለዚያ ፈንገሱን ወደ ብሽሽት ይዞት ይወጣል። ቤት ውስጥ ፀጉሯ የረገፈ ድመት ካለች እሷም ትታይ።

ወዲያው ደስ አሰኘ፣ ከዚያ ሰፋ

ይህ ከሁሉም የሚያሳስበው ነው። በአንድ ቱቦ ውስጥ የፈንገስ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ የያዙ ድብልቅ ክሬሞች አሉ። ስቴሮይዱ ማሳከኩን በአንድ ሁለት ቀን ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል። ግን የቆዳውን መከላከያ ያዳክማል፤ ፈንገሱም በጸጥታ ይሰፋል። ክብ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ያኔ ባለሙያም ጭርት መሆኑን ለመለየት ይቸገራል። በፊትና በብሽሽት ላይ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ቋሚ ሸንተረርም ሊተው ይችላል።

መፍትሄው ቱቦው ላይ የንጥረ ነገሮቹን ስም ማንበብ ነው። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ትራያምሲኖሎን የሚል ካለ ስቴሮይድ አለው። ለፋርማሲስቱ «ስቴሮይድ የሌለው፣ የፈንገስ ብቻ» ይበሉ። ድብልቁን ለሳምንታት ከተቀቡ ሲያቆሙ ቅላቱ ለጊዜው ሊብስ ስለሚችል በሐኪም ምክር ያቁሙ።

ቅርፊቱ ጠፋ፣ ነጣ ያለው ቀለም ግን አልሄደም

ደረት፣ ጀርባና አንገት ላይ የሚወጣው ቋቁቻ ከሆነ ምናልባት ድነዋል። ፈንገሱ ከሞተ በኋላ ቀለሙ የሚመለሰው በወራት ነው። ቦታውን በጥፍር ጫር ያድርጉት፤ የዱቄት ዓይነት ቅርፊት ካልወጣ ክሬም መጨመር አያስፈልግም። ቋቁቻ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ክሬሙ ቶሎ ያልቃል፤ ሴሌኒየም ሰልፋይድ 2.5% ወይም ኬቶኮናዞል 2% ሻምፑ ይሻላል፤ እንደ መመሪያው ተቀብተው ለደቂቃዎች ያቆዩና ይታጠቡ።

አቃጠለኝ

ቀላል መለብለብ ያጋጥማል። እብጠት፣ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወይም የባሰ ቅላት ከመጣ ታጥበው ያቁሙ። የዊትፊልድ ቅባት ሳሊሲሊክ አሲድ ስላለው ፊትና ብሽሽት ላይ ያቃጥላል፤ ለእዚያ አይሆንም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳን ያቃጥላል፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም እንዲሁ።

ራስ ቅል ወይም ጥፍር ላይ ነው

ክሬም ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ፀጉሩ ሥርና ወደ ጥፍሩ ውስጥ አይደርስም። የልጆች ቆረቆር በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

በትክክል ተቀብቼ ለውጥ የለም

ክብ ኤክዜማ ጭርትን በጣም ይመስላል። ሌሊት የሚብስና ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። ነጣ ያለው ወይም ቀላ ያለው ቦታ ሲነካ ስሜት ከሌለው ግን አይጠብቁ፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ባለሙያ ያማክር፤ ማይኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ዋርፋሪን ከተባለው ደም ማቅጠኛ ጋር ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል።

ሐኪሙ ከቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ሲያዝ፣ ምን ዓይነት ክሬም እንደተቀቡና የመጨረሻው ቀን መቼ እንደነበር ይንገሩ። በቅርቡ የተቀቡት መድኃኒት ፈንገሱን ደብቆ ውጤቱን «የለም» ሊያሰኘው ይችላል፤ ባዶውን ቱቦ ይዘው ይሂዱ።