የድሮ ፋይቲንግ ጌም በሞድ ስትመልሱ እኛ የሠራነውን ስህተት አትድገሙ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያደገ ልጅ ጌም ቤት ምን እንደሆነ አይጠየቅም። የጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ላብ ያረጠበው ጆይስቲክ፣ «የተሸነፈ ይነሳል» የሚል ሕግ። ዛሬ እኔና ጓደኛዬ ማታ ማታ ሙጌን በሚባል ፕሮግራም ሞድ፣ ማለትም ተጫዋች ራሱ የሚቀይረውን ጌም፣ እንሠራለን። ሙጌን ማንም ሰው የራሱን ካራክተር ሠርቶ የሚያፋልምበት ኢንጂን (የጌም መሥሪያ) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ። መሳሳት የሚቻለውን ያህል ተሳስተናል።

አንደኛው ስህተት በትዝታ መሥራት ነው። ጓደኛዬ «የቴክን 3 ዝላይ ጣሪያ ይነካ ነበር» ብሎ ማለልኝ። እንዳለውም ሠራነው። በኋላ ዋናውን ጌም ከፍተን ስናይ ያ ረጅም ዝላይ የቴክን 2 ነው። ቴክን 3 እንዲያውም ዝላዩን ዝቅ አድርጎታል። ስለዚህ መጀመሪያ ዋናውን ተጫወቱ፣ ቅረጹት፣ ከዚያ ቪዲዮውን እያቆማችሁ ፍሬም በፍሬም ቁጠሩ። ፍሬም ማለት አንዷ የቆመች ምስል ናት፤ አንድ ሰከንድ 60 ፍሬም ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፦ ጥቅሙን ገልብጦ ዋጋውን መርሳት። የስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክን ፓሪ እንውሰድ። ምት ሲመጣባችሁ ወደ ኋላ ይዛችሁ በመከላከል ፈንታ ወደ ፊት አንዴ ነካ ታደርጋላችሁ። ከተሳካ ሕይወት አይቀንስም፣ ቀድማችሁም ትመታላችሁ። ግን ጊዜው ቢበዛ 10 ፍሬም ነው፤ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ። ካልገጠመ ምቱን ትቀምሳላችሁ፣ ምክንያቱም እየተከላከላችሁ አይደለም። ቶሎ ቶሎ ብትነካኩትም ዕድሉ ይጠብባችኋል።

እኛ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ዘለልናት። የአክስቴ ልጅ መጣ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቡና እንደሚወቅጥ ሰው ወደ ፊት፣ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት። ጓደኛዬ አንድም ምት ሳያሳርፍበት ተሸነፈ። ልጁ «ቀላል ጌም ነው» ብሎን ወጣ። ያን ማታ ቅጣቱን ጨመርንበት።

ሦስተኛው የስክሪን ጉዳይ ነው። ሞዱን ጌም ቤት ባለው ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሞከርነው፤ ፓሪው እምቢ አለ። «ጊዜው አንሷል» ብለን አሰፋነው። ቤት ወስደን በኮምፒውተር ሞኒተር ስንከፍተው ዓይን ጨፍኖ ይሠራል! ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነበር። ብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ምስሉን አሳምረው እስኪያወጡ ጥቂት ፍሬም ይዘገያሉ። ጀርባው ትልቅ የድሮው ቴሌቪዥን ይህ ችግር የለበትም። ጠፍጣፋ ከሆነ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብሩ፤ ከዚያ በፊት ቁጥር አትንኩ።

ሌላው፣ ጉድለት የመሰለውን ሁሉ ማጽዳት። የስትሪት ፋይተር 2 ኮምቦ (ተከታትሎ የሚያርፍ ምት) ራሱ ታስቦበት የመጣ አልነበረም፤ ሠሪዎቹ አይተው ተዉት እንጂ። ፕሮጀክት ኤም የተባለውን ሞድ ደግሞ እዩ። ስማሽ ብሮስ ከሚባለው ተከታታይ ጌም ብሮልን ወስደው ከእሱ በፊት የወጣውን የሚሌይን ስሜት መለሱበት። ካራክተሩ ዝም ብሎ የሚደናቀፍባትን ነገር አወጧት። በአየር ላይ እየመታ መሬት ሊነካ ሲል፣ በ7 ፍሬም ውስጥ የመከላከያ ቁልፍ ተጭኖ የማረፊያ ጊዜን በግማሽ መቀነስን ግን መለሱት። «ታዲያ ለምን ራሱ አይሠራም?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጣት የሚለምደው ነገር ከሌለ ምኑን ተጫወትነው?

ደግሞ ሙጌን አዘጋጅቶ የሰጣችሁን ቁጥር እንዳለ አትተዉት። አንድ ትዕዛዝ (ለአንድ ምት ተከታትለው የሚጫኑ ቁልፎች) ለመጨረስ የሚሰጠው ጊዜ ካልቀየራችሁት 15 ፍሬም ነው። የሁሉም ካራክተር እጅ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ሽያጭማ አታስቡ። የሌላ ሞደር ሥዕል ከወሰዳችሁ አስፈቅዱ፣ ስሙንም ጻፉ። ጓደኛ ፍላሽ ይዞ ከመጣ ሞዱን ብቻ ገልብጡለት፤ ዋናውን ጌም አትጨምሩበት።