«እኔ አይደለሁም፣ ካራክተሬ ነው» እና ሌሎች የጨዋታ ጓደኛ የሚያሳጡ ጥፋቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ዲ ኤንድ ዲ የሚባለውን ጨዋታ ጀምረው ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለቱ ተኳረፉና ቡድኑ ተበተነ። «የትኛውን ሕግ ነው የሳትነው?» ይለኛል። ሕጉ ምን ያድርግ ወንድሜ! ደሴ ላይ አምስት ዓመት ጨዋታ ስመራ ሕግ ባለማወቅ የፈረሰ ቡድን አላየሁም። የሚፈርሰው በኩርፊያ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ዲ ኤንድ ዲ ማለት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ዲኤም እንለዋለን። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር፣ ማለትም ራሳቸው የፈጠሩት ገጸ ባሕርይ፣ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣላል። አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ታዲያ ሰው በምን ይጣላል?

በዋናነት «እኔ አይደለሁም፣ ካራክተሬ ነው» በሚለው ሰበብ። እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ያደጉ ሁለት ልጆች አሉ። አንዱ ሌባ ሆኖ ይጫወታል፣ አንዱ ተዋጊ። ተዋጊው አራት ቅዳሜ ለፍቶ አንድ አስማት ያለበት ሰይፍ አገኘ። በአምስተኛው ቅዳሜ ጫካ ውስጥ አድረው ሳለ ሌባው «ሰይፉን እሰርቀዋለሁ» አለ። ዳይሱን ጣለ፣ 19 ወጣ፤ ተሳካለት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተዋጊውም ሳቀ። ግን ቶናው ሲቀዳ ሲኒውን አላነሳም። «ቡና አስጠላኝ» አለ። የወሎ ልጅ ቡና አስጠላኝ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። ሌባውን ስጠይቀው «ምን ላድርግ፣ ካራክተሬ ሌባ ነው፣ ይሰርቃል» ይለኛል። ቆይተን ስናወጣጣው ለካ ነገሩ ሰይፍ አይደለም። የሌባው አያት ያረፉ ጊዜ ተዋጊው ለቅሶ አልደረሰም። ያኔ አዲስ አበባ ነበር፤ ሲመለስ ደግሞ ዘግይቻለሁ ብሎ አፍሮ ቀረ። ያ ነገር ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ተቀምጦ፣ በዳይስ ወጣ። ለማስታረቅ ሁለት ወር ፈጀብን። ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው የቀረን።

እናም ይሄን ሰበብ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ካራክተርህን ማን ፈጠረው? አንተው ነህ በገዛ እርሳስህ ወረቀት ላይ የጻፍከው! ሌባ ይሁን፣ ማንም አልከለከለህም፤ ንጉሡን ዝረፍ፣ ነጋዴውን ዝረፍ፣ ሆድህ ከቻለ ዘንዶውንም ዝረፍ፣ ግን አብሮህ ዳቦ የሚቆርሰውን ሰው ምን አድርግ ብሎህ ነው? «የጓደኛውን ዕቃ የማይነካ ሌባ» ብለህ ብትጽፈው ሌብነቱ ይቀንሳል እንዴ? አሁን እኛ ጋ በሌላ ተጫዋች ላይ ዳይስ ከመጣልህ በፊት ሰውየውን ራሱን «ልሰርቅህ ነው፣ ይሁን?» ትለዋለህ። ብዙ ጊዜ ይሁን ይላል፤ እንዲያውም ያኔ ነው ጨዋታው የሚደራው። ደግሞ አቦል ሳይጠጣ ዳይስ ከከረጢቱ አይወጣም። ቅያሜ ያለው እዚያው ሲኒው ላይ ይናገር።

ቀጣዩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ታሪኩን ላሙቅ ብዬ ጠላት ወደ ከተማ ሲቃረብ መተረክ ጀመርኩ። ከተራራው ወዲያ እሳት ይታያል። ሰዉ በሌሊት ቤቱን ጥሎ ይወጣል። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ፌስታል አንጠልጥለው መንገዱን ሞልተውታል። ፌስታል! ዘንዶና ጠንቋይ ባለበት ዓለም ፌስታል እንደማይኖር እንኳ አላስተዋልኩም። የማወራው የራሳችንን 2014 ዓ.ም. ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በዚያ ጥቅምትና ኅዳር ምን እንዳዩ እዚህ ለሚኖር ሰው አይነገርም። ከተጫዋቾቹ አንዷ እርሳሷን አስቀመጠች። «መጣሁ» ብላ ወጣች። እኔ ስልክ ተደውሎላት መስሎኝ ቀጠልኩ፣ አሥር ደቂቃ ያህል! እናቴ ናት በሩን ከፍታ «ልጅቷን ምን አደረጋችኋት? ግቢ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች» ያለችን።

ስለዚህ ገና ሳይጀመር ተቀምጣችሁ የማይነካውን ነገር ተነጋገሩ። ብሔርና ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያመውን ነገር ፊቱ ላይ አይጽፈውም። ጆን ስታቭሮፑሎስ የሚባል ሰው ያስተዋወቀው ኤክስ ካርድ የሚሉት ዘዴ አለ። ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ሲከብደው ካርዱን ይነካል፣ ያ ነገር ከታሪኩ ይወጣል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። እኛ ከካርታ ውስጥ ጆከሩን አውጥተን ነው የምንጠቀመው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ብቻ ተነክቷል። አንዱ ለሸረሪት ነው። ሸረሪቷን በጅብ ቀየርናት፣ ማንም ምንም አላለም።

የቀረን ሰው ካራክተር በሌለበት መግደል፦ አታድርጉት። ምክንያትም አልሰጥም።

ይሉኝታ ሌላው ነው። ጎረቤት ወንድሙን ይዞ ይመጣል፣ ወንድሙ የክፍል ጓደኛውን ያስከትላል፣ «ሂዱ» ማለት ነውር ነው፣ እንግዲህ ስምንት ሆናችሁ ማለት ነው። አንድ ውጊያ ላይ ተራህ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ። ሰዉ ስልኩን ያወጣል፣ ቲክቶክ ይጀመራል፣ ዲኤሙ ለግድግዳ ይተርካል። ከዲኤሙ ሌላ አራት ወይ አምስት ሰው ይበቃል። ለቡና ሰፈሩን ሁሉ ጥሩ፣ ለጨዋታው ግን ቁረጡ። የተረፈው ሌላ ጠረጴዛ ይጀምር፣ እኔ መጥቼ አስጀምራለሁ።

ዳይስ በስልክ የምትጥሉ ሰዎች፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጉት። አንዱ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ አራት ጊዜ በተከታታይ «20!» አለን። ዕድሉ ከ160,000 አንድ ነው። ዝም አልነው፣ ግን ከዚያ ወዲህ እውነተኛ 20 ሲያወጣም የሚያምነው ጠፋ። ዳይስ ካጣችሁ እኛ እንደጀመርነው ከ1 እስከ 20 ወረቀት ጽፋችሁ ኮፍያ ውስጥ ጨምሩ፤ ያወጣችሁትን ሳትመልሱ ግን ሌላ አትዝገኑ።

ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ሰዓት አክብሩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ ቀልድ የለም። እኔ አንዴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዘንዶውን ውጊያ ከፈትኩ። ልጁ ቦርሳውን እንዳነገተ በር ላይ ቆሞ ዳይስ ይጥላል። ዘንዶው ሞተ፣ ታክሲውም አመለጠው። እኛ ቤት አደረ። እናቴ እንግዳ አገኘሁ ብላ ደስ አላት፤ የእሱ እናት ግን ስልክ ላይ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

የጾሙን ነገር አልነግራችሁም፣ የደሴ ልጅ ያውቀዋል።

ጀማሪዎች ሕግ አናውቅም ብላችሁ አትጨነቁ፣ አብሽሩ፣ እኔም እስካሁን አስማቱን መጽሐፍ እያገላበጥኩ ነው። ይልቅ ዲኤማችሁን አንድ ጊዜ «ደከመህ ወይ?» በሉት። ሳምንቱን ሙሉ የሚያዘጋጀው እሱ፣ ፎቶ ኮፒ የሚከፍለው እሱ፣ ሲኒ የሚያጥበውም እሱ ነው። በአራተኛው ዓመቴ አንዷ «ለአንድ ወር እኔ ልምራ፣ አንተ ተጫወት» ስትለኝ እንባ ሊመጣብኝ ነበር። ሰነፍ መነኩሴ ሆኜ ተጫወትኩ። ስወደው!

ለኮምቦልቻው ልጅ ማታ መልሼ ደወልኩለት። «በምንድነው የተጣሉት?» አልኩት።

«ፈረስ ሰርቆት።»

«ከፈረሱ በፊትስ?»

ዝም አለ። ቆይቶ «የእህቱ ሰርግ ላይ አልጠራውም ነበር» አለኝ።

«በቃ ቅዳሜ ሁለቱንም ይዘሃቸው ውጣ። ቡናው እኛ ቤት ነው። ዳይስ እንዳታመጡ።»